ቡችላን ከስምንተኛ ሳምንቱ ጀምሮ ማስከተብ፦ ቀኑ ሳይዛነፍ፣ ክትባቱ ሳይበላሽ

መርፌ የተወጋ ውሻ ሁሉ የተከተበ ውሻ አይደለም። በባሕር ዳርና በጣና ዳር ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ሐኪም ጠርቶ፣ ከፍሎ፣ ካርድ ተቀብሎ ሳለ ቡችላው በደም ተቅማጥና በትውከት ይሞትበታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ቀኑ ተዛንፏል፣ ወይ ክትባቱ ሞቆ ኃይሉን አጥቷል። ይህ መመሪያ መርፌውን ራስዎ እንዲወጉ አያስተምርም፤ እሱ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። የእርስዎ ሥራ ቀኑን መያዝ፣ ብልቃጡን ማየትና ጤነኛ ውሻ ማቅረብ ነው።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

ጠንካራ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የአንገት ማሰሪያና ገመድ፣ ቡችላውን የሚይዙበት ካርቶን ወይም ቅርጫት፣ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ለስላሳ የጨርቅ ቁራጭ። ደብተሩን አይናቁት። ሐኪሙ የሚሰጥዎ ካርድ ይጠፋል፣ በክረምት ይረጥባል፣ ልጆች ይቀዱታል፤ ደብተሩ ሁለተኛው ማስረጃዎ ነው።

ደረጃ 1፦ የተወለደበትን ቀን ያረጋግጡ

ቡችላውን የሰጠዎት ሰው «ሁለት ወር ይሆነዋል» ቢል በዚያ አይርኩ። እናቲቱ የወለደችበትን ቀን ይጠይቁ። ሰው ቀኑን ቢረሳ በዓሉን አይረሳም፤ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ቢጠይቁ ወደ እውነቱ ይጠጋሉ።

የሚያውቅ ሰው ከጠፋ አፉን ከፍተው ጥርሱን ይዩ። የወተት ጥርሶች ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይበቅላሉ፤ በስምንተኛው ሳምንት ሁሉም ወጥተው፣ እንደ መርፌ ሹል ሆነው ይታያሉ። የፊት ለፊቶቹ ወልቀው በምትካቸው ሰፋ ያሉ ጥርሶች ብቅ ማለት ከጀመሩ ቡችላው አራት ወር ገደማ ደርሷል። እንዲህ ከሆነ ወደ «አንድ ነገር ሲበላሽ» ይለፉ፤ የቡችላው ሰሌዳ አልፎታል።

ደረጃ 2፦ ቀኖቹን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ በወር ሳይሆን በሳምንት ይቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ግን 28። «በየወሩ» እያሉ የሚቆጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ደግሞ ሌላ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጨመራል።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የተወለደ ቡችላ ሰሌዳው ይህን ይመስላል፦

1. 8ኛ ሳምንት፣ ጥቅምት 27፦ የመጀመሪያው ጥምር ክትባት።
2. 12ኛ ሳምንት፣ ኅዳር 25፦ ሁለተኛው ጥምር ክትባትና የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት።
3. 16ኛ ሳምንት፣ ታኅሣሥ 23፦ ሦስተኛው ጥምር ክትባት።
4. 26ኛ ሳምንት፣ መጋቢት 3፦ የጥምር ክትባቱ ማጠናከሪያ።
5. በተከታዩ ዓመት ከኅዳር 25 በፊት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ማጠናከሪያ።

ቆጠራዎን መፈተሻ ቀላል ዘዴ አለ። በሳምንት ከቆጠሩ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀኖች ቡችላው በተወለደበት ዕለት ላይ ይውላሉ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት 27፣ ኅዳር 25፣ ታኅሣሥ 23 እና መጋቢት 3ም ሐሙስ ናቸው። አንዱ ዓርብ ላይ ከወደቀ ተሳስተዋል።

ጥምር ክትባት የሚባለው በአንድ መርፌ ብዙ በሽታ የሚከላከለው ነው። ዲስቴምፐር (ሳንባንና ነርቭን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ)፣ ፓርቮ (በደም ተቅማጥና በትውከት የሚገድለው) እና ተላላፊ የውሻ ጉበት በሽታ የግድ ሊኖሩበት ይገባል። ለጣና ዳር ነዋሪ ሌፕቶስፓይሮሲስም እንዲካተት እመክራለሁ። ይህ በሽታ በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ የሚተላለፍ ነው፤ ሰውንም ይይዛል። ውሻዎ ደንገሉ መሐል ገብቶ የሚጠጣ፣ በክረምት ኩሬ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ከሆነ አይለፉት። የሌፕቶስፓይሮሲስ ክፍል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልዩነት ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ አንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም።

«ሦስት ጊዜ ለምን? ሐኪሙ ገንዘብ ፈልጎ ነው» የሚል ወሬ ይሰማል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ቡችላው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት የወሰደው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ይህ መከላከያ በአንዱ ቡችላ በስምንተኛው ሳምንት ያልቃል፤ በሌላው እስከ አሥራ ስድስተኛው ይቆያል። የትኛው መቼ እንደሚያልቅበት በዓይን ስለማይታወቅ መርፌው ይደጋገማል። ከሁሉም የማይቀረው በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነው። ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን የተወ ቡችላ በፓርቮ ሲሞት ክትባቱን መውቀስ አይገባም።

ደረጃ 3፦ ከመርፌው በፊት ትሉን ያስወግዱ፣ ጤናውን ይዩ

ቡችሎች ብዙውን ጊዜ ትል ይዘው ነው የሚወለዱት። የትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ ስለሆነ ቡችላውን ይመዝኑት፤ ራስዎ እንደ ያዙት ሚዛን ላይ ቆመው፣ ከዚያ ብቻዎን ቆመው ልዩነቱን ይውሰዱ። ለበግና ለፍየል የተገዛ መድኃኒት በግምት ቆርሰው አይስጡ። በዓል ሲመጣም የታረደውን በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አይወርውሩለት፤ በበጉ ጉበትና ሳንባ ውስጥ እንደ ከረጢት ሆኖ የሚያድገውና ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈው የኪስ ትል ዑደቱን የሚጨርሰው በዚያ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት እነዚህን ይፈትሹ፦ በልቷል? ተጫውቷል? ሰገራው የረጋ ነው? ከዓይኑና ከአፍንጫው የሚወርድ ነገር የለም? አንዱ ከጎደለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ትኩሳት ያለበትን ወይም የሚያስቀምጠውን ቡችላ ጥቂት ቀን ማዘግየት ይሻላል። «መጥቻለሁና ይወጋልኝ» ብለው አይጫኑት። ውሻዋ እርጉዝ ከሆነችም ይናገሩ፤ ሕያው ተሕዋስያን ያሉባቸው ክትባቶች ለእርጉዝ አይሰጡም።

ደረጃ 4፦ ቀጠሮ ይያዙ፤ አራት ጥያቄ ይጠይቁ

ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀድመው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒኩ ይሂዱ ወይም ይደውሉ። ክትባት በየቀኑ አይገኝም፤ በዕለቱ ሄደው «አልቋል» ከተባሉ ሰሌዳው ይዛነፋል። የሚጠይቁት ይህ ነው፦

1. ጥምር ክትባቱ የትኞቹን በሽታዎች ይከላከላል?
2. የት ነው የሚቀመጠው? ማቀዝቀዣው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አለ?
3. በዚህ ሳምንት መብራት ጠፍቶ ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ?
4. የብልቃጡን መለያ ወረቀት ካርዱ ላይ ይለጥፉልኛል?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ የሚያስቀይም ቢመስልም ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ማቀዝቀዣውን ከፍቶ መለኪያውን ያሳያል። የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ አሥር ውሻ በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል። አንዴ መርፌ ከገባበት በዚያው ዕለት ማለቅ ስላለበት ለአንድ ውሻ ብለው ሊከፍቱት ያመነታሉ። መፍትሔው ጎረቤት ማስተባበር ነው። የግቢውንና የሰፈሩን ውሻ ቆጥረው ስምንት አሥር ከሞሉ ሐኪሙ ራሱ ይመጣል፤ ዋጋውም ይቀላል። ዘጌና ሌላ የሐይቁ ዳር መንደር ያሉ ሰዎች በተለይ እንዲህ ቢያደርጉ ውሻ በጀልባ ከማጓጓዝ ይድናሉ።

ቀጠሮው በማለዳ ይሁን። በመጋቢትና በሚያዝያ ከረፋድ በኋላ የባሕር ዳር ፀሐይ ለውሻውም ለብልቃጡም አይበጅም።

ደረጃ 5፦ ብልቃጡን በዓይንዎ ይዩ

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ከኪስ ወይም ከቦርሳ ኪስ የወጣ ብልቃጥ ገና ሳይወጋ ሞቷል። ሐኪሙ በባጃጅ ወይም በሞተር ሲመጣ ይዞት የሚመጣው በረዶ ያለበት ሣጥን ወይም ፔርሙዝ መሆን አለበት።

በተቃራኒው የሚሠራ ስሕተትም አለ። ዓሣ የሚታሸግበት በረዶ በከተማው እንደ ልብ ስለሚገኝ ብልቃጡን በቀጥታ በረዶ ውስጥ የሚቀብሩት አሉ። ፈሳሹ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም። ብልቃጡ በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበረዶው ሳይነካካ ይቀመጥ።

ብልቃጡን እጅዎ ላይ አድርገው እነዚህን ይመልከቱ፦

የሚያበቃበት ቀን። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ብልቃጡ ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚል ብልቃጥ የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. እንጂ ከስምንት ዓመት በኋላ አይደለም። 06 ም የፈረንጆች ስድስተኛ ወር ነው እንጂ የካቲት አይደለም።

የዱቄቱ ሁኔታ። ጥምር ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብልቃጥ ነው፤ አንዱ የደረቀ ዱቄት፣ ሌላው ፈሳሽ። በፊትዎ ይቀላቀል። ቤትዎ ሲደርስ ተቀላቅሎ በመርፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣ ከሆነ አይቀበሉ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ሳይዘገይ መወጋት አለበት።

መጠኑ። ለትንሽ ውሻ ግማሽ፣ ለትልቅ ሙሉ የሚባል ነገር የለም። በመለያው ላይ የተጻፈው መጠን ለቡችላም ለትልቅ ዘበኛ ውሻም አንድ ነው። አንዱን ለሁለት ቡችላ መክፈል ሁለቱንም ሳይከተቡ መተው ነው።

ደረጃ 6፦ አያያዝ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ጥበቃ

ቡችላውን ጠረጴዛ ላይ ያቁሙት። አንድ ክንድዎን በአንገቱ ሥር አዙረው ጭንቅላቱን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፤ በሌላው ሆዱን ደግፈው ይያዙ። በሰንሰለት ያደገና የሰው እጅ ያልለመደ ትልቅ ውሻ ከሆነ ያን የጨርቅ ቁራጭ አፉ ላይ አንዴ ጠምጥመው ከአገጩ ሥር ያቋርጡት፤ ከጆሮው ጀርባ አንዴ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩት። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት በየማታው ይህን ከምግብ ጋር ያለማምዱት፤ በዕለቱ የሚያዩት ትግል በግማሽ ይቀንሳል።

ሐኪሙ በትከሻው መሐል ያለውን ላላ ያለ ቆዳ ያነሣና ይወጋል። መርፌው እንደ ወጣ ፀጉሩን በጣትዎ ይዳስሱ። እርጥብ ከሆነ መርፌው ቆዳውን በስቶ በሌላ በኩል ወጥቷል፤ ክትባቱ የፈሰሰው ፀጉሩ ላይ ነው። ያኔውኑ ይንገሩት፤ እንደገና መሰጠት እንዳለበት ይወስናል። ቤት ከገቡ በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

ወዲያው አይሂዱ። ለግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆዩ። ፊቱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ተልፈስፍሶ ከወደቀ ክትባቱ አልተስማማውም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይህን የሚያስታግስ መርፌ ያስፈልገዋል፣ ሐኪሙ ደግሞ አጠገብዎ ነው። ይህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ለአንድ ሁለት ቀን መፍዘዝ፣ ምግብ መቀነስ፣ የተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ግን የተለመደ ነው። አዝነውለት የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጡት፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውሻን ይገድላሉ።

ከመለያየታችሁ በፊት ካርዱ ላይ ቀኑ፣ የክትባቱ ስም፣ የብልቃጡ መለያ ቁጥር፣ የሐኪሙ ፊርማና ቀጣዩ ቀን መኖራቸውን ያረጋግጡ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ አጠገቡ ይጥቀሱ። ከዚያ ወደ ደብተርዎ ይገልብጡ፤ ካርዱንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ደረጃ 7፦ እስከ 18ኛው ሳምንት ድረስ መንገድ ላይ አያውርዱት

የመጨረሻው የቡችላ ክትባት ከተሰጠ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ ቡችላው ባልተከለለ መንገድ፣ በገበያ ዳር፣ ዓሣ በሚበለትበትና ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚሰበሰቡበት የሐይቁ ዳርቻ አይርገጥ። ክሊኒክ ሲወስዱት በካርቶን ወይም በክንድዎ ይያዙት፤ የክሊኒኩ ወለል ራሱ የታመሙ ውሾች የተኙበት ነው።

ግን አይደብቁት። በዚህ ዕድሜ ሰው፣ ባጃጅ፣ ዝናብ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ያላየና ያልሰማ ቡችላ ሲያድግ የሚያስቸግር ይሆናል። ታቅፈው ያዙሩት፤ ከተከተቡ ጤነኛ ውሾች ጋር በግቢ ውስጥ ያጫውቱት።

ደረጃ 8፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ቡችላው አደገ ብሎ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ መርሳት እዚህ ይጀምራል። ጥምር ክትባቱ በ26ኛው ሳምንት ከተጠናከረ በኋላ ዲስቴምፐር፣ ፓርቮና የጉበቱ በሽታ በየሦስት ዓመቱ ይበቃሉ። ሌፕቶስፓይሮሲስ ግን በየዓመቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደ ብልቃጡ አንድ ወይም ሦስት ዓመት ይቆያል፤ የመጀመሪያው ማጠናከሪያ ግን የትኛውም ዓይነት ቢሆን በዓመቱ ነው። መለያው ሦስት ዓመት ካላለ በየዓመቱ ያስወጉት። ብዙ ውሻ እንደ ልቡ በሚዞርበት ከተማ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ቀኑን እንዳይረሱ ከበዓል ጋር ያስሩት። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው መስከረም 18 ገደማ፣ መስቀል በዋለ ማግሥት ነው። የእርስዎ ውሻ ቀን ኅዳር ቢሆንም ወደ መስቀል ቀድሞ ማምጣት ጉዳት የለውም፤ ማዘግየት ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ቀኑ ካለፈ። አንድ ሳምንት ከሆነ ነገ ያስወጉት፤ ከዚያ አራት ሳምንት እንደ ገና ይቁጠሩ። ቡችላው ከ16 ሳምንት በላይ ከሆነውና ጨርሶ ካልተከተበ ጥምር ክትባቱን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ የእብድ ውሻ በሽታውን አንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉንም በዓመቱ ያጠናክሩ። የሌፕቶስፓይሮሲስ ዓመታዊ ክትባት ብዙ ወራት ካለፈው ሐኪሙ ሁለቱን መርፌ እንደ ገና ሊያስጀምር ይችላል።

ካርድ ከሌለው። «ተከትቧል ብለውኛል» ማስረጃ አይደለም። እንዳልተከተበ ቆጥረው ይጀምሩ፤ ጤነኛ ውሻ ክትባት ቢደገምበት አይጎዳም።

በዘመቻ የተከተበ ከሆነ። በዘመቻ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻ ነው፤ ከፓርቮና ከዲስቴምፐር አያድንም። ቡችላው ያኔ ከ12 ሳምንት በታች ከነበረ የእብድ ውሻ በሽታውንም 12 ሳምንት ሲሞላው ይድገሙለት።

ግቢው ውስጥ ቡችላ በፓርቮ ከሞተ። ተሕዋሱ በአፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ሲሚንቶውንና ዕቃውን መጀመሪያ በሳሙና አጥበው አንድ እጅ በረኪና ከሠላሳ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ያፍስሱበት፤ አሥር ደቂቃ ይቆይ። የሞተውን መኝታ ያቃጥሉ። ቀጣዩን ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ ወደዚያ ግቢ አያስገቡ።

ውሻ ሰው ከነከሰ

የእርስዎም ይሁን የሌላ፣ የተከተበም ይሁን ያልተከተበ፣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

1. ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ሰዓት ይያዙ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስልዎ በላይ ረጅም ነው።
2. በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ግን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌውን ከጀመረ በኋላ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን መቁጠር አይቻልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞት በቀር መጨረሻ የለውም ማለት ይቻላል።
3. የነከሰውን ውሻ አይግደሉ፣ አያባርሩም። በጠንካራ ሰንሰለት አስረው ወይም ዘግተው ለ10 ቀን ይጠብቁት፤ ምግብና ውኃ ከርቀት ይስጡት። ለሐኪሙም የክትባት ካርዱን ያሳዩ።
4. በ10 ቀን ውስጥ ከታመመ፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ አቅቶት ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም ከሞተ በባዶ እጅ አይንኩት፣ አይቅበሩትም። ወዲያው ለእንስሳት ሐኪሙና ለተነከሰው ሰው ያሳውቁ፤ ለምርመራ የሚፈለገው ጭንቅላቱ ስለሆነ ሬሳው ሐኪሙ እስኪደርስ ጥላ ሥር፣ ልጆችና ሌሎች ውሾች በማይደርሱበት ቦታ ተሸፍኖ ይቆይ።